ርካሽ ሥጋ፣ ኃይለኛ እሳት፦ የቻይና-አሜሪካውን የበሬ ሥጋ በብሮኮሊ በቤት ለመሥራት ዝርዝር መመሪያ

በአሜሪካ ከተሞች ከቻይና ምግብ ቤት ርቆ የሚገኝ ሰፈር እምብዛም የለም። ከእነዚህ ምግብ ቤቶች የምግብ ዝርዝር ላይ ደግሞ የበሬ ሥጋ በብሮኮሊ አይጠፋም፤ በስሱ የተቆረጠ ለስላሳ ሥጋ፣ ጥርስ ላይ ቀጭ የሚል አረንጓዴ ብሮኮሊ፣ ሁለቱንም የሸፈነ ጥቁር ቡናማ ሶስ፣ ከሥሩ ነጭ ሩዝ። ለአንድ ሰው ሲታዘዝ ዋጋው አይከብድም። አራት አምስት ሆኖ ለሚበላ ቤተሰብ ግን ከነጉርሻውና ከነማድረሻው ሲደመር ወደ አስቤዛ ገንዘብ ይጠጋል።

በቤታቸው ሞክረው የተዉትም ብዙ ናቸው። ቅሬታቸው ተመሳሳይ ነው፦ ሥጋው ይጠነክራል፣ መጥበሻው ውስጥ ውሃ ይሞላል፣ ሶሱ ይቀጥናል፣ ብሮኮሊው ይልፈሰፈሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣላቸው ሐሳብ ውድ ሥጋ መግዛት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ለዚህ ምግብ ፊሌቶ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያባክናል፤ አሠራሩ ራሱ ጠንካራና ርካሽ ሥጋን የሚያለሰልስ ስለሆነ። ወጪ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮች በትክክል ከተሠሩ ይበቃል፦ ቢላዋው የሚሄድበት አቅጣጫ፣ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሥጋውን በየተራ የመጥበስ ትዕግሥት።

ምግቡ ከየት እንደመጣ

ይህን ማወቅ ለማብሰሉም ይጠቅማል። ቻይናውያን ስደተኞች በብዛት ወደ ካሊፎርኒያ መግባት የጀመሩት በ1849 የወርቅ ፍለጋው በተጧጧፈበት ዘመን ሲሆን አብዛኞቹ ከደቡብ ቻይና ከጓንግዶንግ ግዛት የሄዱ ነበሩ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በ1882 የወጣው ሕግ ቻይናውያን ሠራተኞች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ከለከለ፤ የተሻረውም በ1943 ነው። ለነጋዴዎች ግን ሕጉ ቀዳዳ ነበረው። በ1915 አንድ ፍርድ ቤት የምግብ ቤት ባለቤቶችም ከነጋዴ እንዲቆጠሩ ሲወስን፣ ምግብ ቤት መክፈት ዘመድ ማስመጫ መንገድ ሆነ። የቻይና ምግብ ቤቶች በየከተማው እንደዚያ የበዙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በአገራቸው ሥጋውን የሚያበስሉት ጋይ ላን ከሚባል ወፍራም ግንድና ሰፊ ቅጠል ካለው አትክልት ጋር ነበር። አሜሪካ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው ጣሊያናውያን ስደተኞች ያስለመዱት ብሮኮሊ ሆነ፤ በ1920ዎቹ የዳሪጎ ወንድማማቾች ካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ አካባቢ አምርተው በባቡር እስከ ቦስተን ይልኩት ነበር። ስለዚህ ብሮኮሊ በተወደደበት ሳምንት በፎሶሊያ ወይም በጥቅል ጎመን ብትተኩት ምግቡን አበላሻችሁ የሚል ቢመጣ አትስሙት፤ ምግቡ ራሱ በመተካት የተገኘ ነው።

የሚያስፈልገው (ለአራት ሰው)

- የበሬ ሥጋ፣ 1 ፓውንድ (450 ግራም ገደማ)
- ብሮኮሊ፣ 1 ፓውንድ
- ሩዝ፣ 2 ኩባያ
- ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- ኮርንስታርች (የበቆሎ ስታርች)፣ 2 የሾርባ ማንኪያ
- ሶይ ሶስ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ
- ኦይስተር ሶስ ወይም ከእንጉዳይ የሚሠራው ምትኩ፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ
- ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ፤ ቡናማው ቢሆን ይመረጣል
- ነጭ ሽንኩርት፣ 4 ፍልቃቂ
- ዝንጅብል፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል
- የምግብ ዘይት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ
- የሰሊጥ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ
- የሥጋ መረቅ ወይም ውሃ፣ ግማሽ ኩባያ (120 ሚሊ ሊትር)
- የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ እንደ ወደዳችሁት

ጨው በዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ተረስቶ አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ መደበኛ ሶይ ሶስ ወደ 900 ሚሊ ግራም ሶዲየም አለው፤ በአሜሪካ ለአዋቂ ሰው የሚመከረው የቀን ጣሪያ ደግሞ 2,300 ሚሊ ግራም ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው በቤት ካለ ጨው የተቀነሰበትን ሶይ ሶስ ግዙ፤ ጣዕሙ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

ሶሶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገዙ ወጪው ይሰማችኋል። አንድ ጠርሙስ ግን ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ከተለመደው ሱፐርማርኬት ይልቅ እንደ ኤች ማርት ባሉ የእስያ ገበያዎች መግዛት ይሻላል፤ ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱም እዚያ ረከስ ይላል። ኦይስተር ሶስ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል።

ሥጋውን መምረጥ

ምግብ ቤቶች በብዛት የሚታወቁበት ፍላንክ የሚባለው ከበሬው ሆድ በኩል የሚወጣ ጠፍጣፋ ሥጋ ነው። ክሩ ረጅምና ግልጽ ስለሆነ ለመቁረጥ ይመቻል። ድሮ የድሃ ሥጋ ነበር፤ ዛሬ ፈላጊው ስለበዛ ተወዷል። በቅናሽ ካላገኛችሁት እለፉት።

ሁለት የተሻሉ አማራጮች አሉ። አንደኛው ቶፕ ራውንድ የሚባለው የኋላ እግር ሥጋ ነው፤ በአሜሪካ ብዙ አበሻ ለክትፎ የሚገዛው ይህንኑ ነው። ስብ የለውም፣ ጅማቱ ጥቂት ነው፣ ክሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ጉድለቱ ትንሽ በዝቶ ከበሰለ መድረቁ ሲሆን እርሱንም ቤኪንግ ሶዳው ያስተካክለዋል። ሁለተኛው ቸክ ነው፤ ከትከሻ በኩል የሚወጣ፣ ስብና ጣዕም ያለው ሥጋ። በጣዕም እኔ ቸክን አስበልጣለሁ። ነገር ግን ብዙ ጡንቻዎች የተገጣጠሙበትና በመካከላቸው ጅማት ያለበት ስለሆነ ሥራ ያበዛል። ቢላዋ ለማያስቸግረው ቸክ፣ ለሌላው ቶፕ ራውንድ።

ተቆርጦ የታሸገውን አትግዙ። ለወጥ ወይም ለጥብስ ተብሎ በኩብ የሚሸጠው ሥጋ ከተለያየ ቦታ የተሰበሰበ ነው፤ ክሩ በየአቅጣጫው ስለሚሄድ በትክክል መቁረጥ አይቻልም። ዋጋውም በፓውንድ ሲሰላ ካልተቆረጠው ይበልጣል፤ ለቆራጩ እየከፈላችሁ ነው። መደርደሪያው ላይ ከዋናው ዋጋ በታች በትንሽ ጽሑፍ የሚለጠፈውን የፓውንድ ዋጋ ማንበብ ልመዱ። ሦስት አራት ፓውንድ የሚመዝን ሙሉ ቁራጭ በቅናሽ ሳምንት ገዝታችሁ ጅማቱን አውጡና በፓውንድ በፓውንድ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ከረጢቱን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አየሩን ብታስወጡ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይፈታል።

አዲስ አበባ ወይም ሌላ የኢትዮጵያ ከተማ ላላችሁ፣ ሥጋ ቤት ስትሄዱ ከኋላ እግር ጅማት የሌለው ቀይ ሥጋ ጠይቁ። በዕለቱ ታርዶ በዕለቱ የሚሸጥ ሥጋ በደንብ ስላላረፈ እሳት ሲነካው ጠንከር ይላል። ገዝታችሁ አንድ ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ብታሳድሩት ይሻላል።

መቁረጥ

የምግቡ ልስላሴ ግማሹ የሚወሰነው እዚህ ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉ።

ሥጋውን ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። በረዶ እንዲሆን አይፈለግም፤ በጣት ሲጫኑት ጠንከር እስኪል ብቻ ነው። ልስልስ ያለ ሥጋ ከቢላዋው ሥር ስለሚሸሽ በስሱ አይቆረጥም። ከዚያ በሰሌዳው ላይ አስቀምጣችሁ ክሩ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ፤ ጎን ለጎን የተኙ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። ቢላዋው እነዚህን መስመሮች አቋርጦ መሄድ አለበት። ክሩን ተከትላችሁ ብትቆርጡ እያንዳንዱ ጉርሻ ረጃጅም ክሮች ይዞ ይቀራል፤ የመበጠሱ ሥራ ለጥርስ ይተርፋል። አቋርጣችሁ ስትቆርጡ ቢላዋው ክሩን አስቀድሞ አሳጥሮታል።

ቶፕ ራውንድ ከሆነ መጀመሪያ በክሩ አቅጣጫ አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ረጃጅም ቁራጮች ክፈሉት። ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ አዙራችሁ ክሩን በማቋረጥ ከሦስት እስከ አራት ሚሊ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ቆራርጡ። ቸክ ከሆነ ጡንቻዎቹ በሚገጣጠሙበት መስመር ቢላዋ አስገብታችሁ ለያዩዋቸው፤ ነጩን ጅማት አውጡ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ለብቻው ቁረጡ፣ የክሩ አቅጣጫ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያልና። መሳሳታችሁን ለማወቅ አንዱን ስስ ቁራጭ (ቅጠል) በሁለት እጅ ይዛችሁ በዝግታ ሳቡት፤ በቀላሉ ከተለያየ በትክክል ተቆርጧል።

ማለስለስ

ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጡና ሥጋው ላይ አፍስሳችሁ በእጅ እሹት። ሃያ ደቂቃ ይቆይ። ሥጋ ሲሞቅ ፕሮቲኖቹ እየተሳሳቡ ይኮማተራሉ፤ በመካከላቸው የነበረውን ውሃም ጨምቀው ያስወጡታል። ቤኪንግ ሶዳ የሥጋውን ገጽ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሚያደርገው ፕሮቲኖቹ እንደዚያ አጥብቀው መያያዝ ያቅታቸዋል፤ ውሃው ውስጡ ይቀራል። ምግብ ቤት ስትበሉ ሥጋው ከልክ በላይ ለስላሳ ሆኖ ያስገረማችሁ ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች አሉ። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፤ አታቀያይሩት። ሥጋ በሎሚ የማጠብ ልማድ ካላችሁ ለዛሬ ተዉት፤ አሲዱ ሶዳውን ያከሽፈዋል። ከአንድ ሰዓት በላይም አታቆዩት፣ ሥጋው ሥጋነቱን ትቶ ይላላል። ጊዜው ሲደርስ በጎድጓዳ ሳህን በተሞላ ቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጋችሁ አጥልሉት፤ ቧንቧ ሥር ማጠብ የጥሬ ሥጋ ውሃ በየቦታው ይረጫል። ካልታጠበ የሳሙና የሚመስል ጣዕም ሊቀር ይችላል። ከዚያ በወረቀት ፎጣ እየተጫናችሁ በደንብ አድርቁት። የእርጥብ ሥጋ ነገር ጥብስ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ መጀመሪያ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

የደረቀውን ሥጋ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ኮርንስታርችና በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሹት። ስታርቹ ሥጋውን በስሱ ይሸፍነዋል፤ ከእሳቱ ይከልለዋል፤ ኋላም ሶሱ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ዘይቱ ቅጠሎቹ እንዳይጣበቁ ነው። ሌላውን እስክታዘጋጁ ይቀመጥ።

ሶሱ

በትንሽ ሳህን ውስጥ የቀረውን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ ኦይስተር ሶሱን፣ ስኳሩን፣ ቁንዶ በርበሬውን፣ መረቁንና የቀረውን አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮርንስታርች አንድ ላይ በጥብጡ። ስታርቹ ምንጊዜም በቀዝቃዛ ፈሳሽ ነው የሚበጠበጠው፤ ሙቅ ውስጥ ከገባ ይጓጉላል። የሰሊጥ ዘይቱን ለመጨረሻ አስቀምጡት።

ስለ ኦይስተር ሶስ መነገር ያለበት አለ። የሚሠራው ኦይስተር ከሚባል በዛጎል ውስጥ ከሚኖር የባሕር እንስሳ ነው። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት ለማይበላ ኦርቶዶክሳዊ፣ እንዲሁም በእስራኤል የኮሸር ሥርዓት ለሚጠብቅ ቤተ እስራኤላዊ አይሆንም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከእንጉዳይ የሚሠራ ተመሳሳይ ሶስ በእስያ ገበያዎች ይገኛል፤ ጠርሙሱ ላይ የእንጉዳይ ሥዕል አለበት። እርሱም ከጠፋ ሌላ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሩ፤ ምግቡ ጥልቀት ያጣል እንጂ አይበላሽም። የምግብ ቤት አሠራር ብዙ ጊዜ ሻውሺንግ የሚባል የሩዝ ወይን ይጨምራል። እኔ አላስገባሁትም፤ የማይጠጣ ሰው በሥጋ መረቅ ቢተካው ይበቃዋል። በተፈጥሯዊ መንገድ የተብላላ ሶይ ሶስም ጥቂት አልኮል ስለሚኖረው፣ ሙስሊም አንባቢዎች ሐላል የሚል ምልክት ያለበትን ቢመርጡ ይሻላል።

የሰሊጥ ዘይት ሲባል ደግሞ ከተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀው፣ ቀለሙ የጠቆረው ነው። ያልተቆላው ነጣ ያለ ዘይት ያን ሽታ አይሰጥም። (ቻይና ለዓመታት ከኢትዮጵያ ሰሊጥ ዋነኛ ገዢዎች አንዷ ናት፤ እዚያ የተጨመቀ ጠርሙስ ስትገዙ ሁመራን ቀምሳችሁ ሊሆን ይችላል።)

ብሮኮሊውና ሩዙ

ሩዙን ቀድማችሁ ጣዱ። ሁለቱን ኩባያ ውሃው ጠራ እስኪል እጠቡ፤ በሁለት ተኩል ኩባያ ውሃ አፍሉት፤ ከፈላ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ከድናችሁ 15 ደቂቃ፣ ካወረዳችሁት በኋላም ሳትከፍቱ 10 ደቂቃ። በቃ።

ብሮኮሊ ስትገዙ ግንዱን ከነክብደቱ ትከፍሉበታላችሁ፤ ከዚያ ወደ ቆሻሻ መጣያ መጣል ምን ይባላል? ወፍራሙን የውጭ ልጣጭ በቢላዋ ላጡና ውስጡን በስሱ ቆራርጡ፤ ጣፋጩ እርሱ ነው። አበባውን በአንድ ጉርሻ ልክ ከፋፍሉ። ሁሉም ተቀራራቢ መጠን ይኑረው።

በረዶ የተደረገ ብሮኮሊ ብዙ ጊዜ ከትኩሱ ይረክሳል፤ አይበላሽምም። የሚያስቸግረው የሚያወጣው ውሃ ነው። ማይክሮዌቭ ውስጥ እስኪሞቅ ብቻ አቆይታችሁ አጥልሉና በፎጣ አድርቁት፤ ቀጥሎ በተገለጸው ቅደም ተከተል ተራ ቁጥር 2ን ዝለሉ።

መጥበሻውና እሳቱ

ምግብ ቤቶች ዎክ የሚባለውን የቻይና ጎድጓዳ መጥበሻ የሚጥዱበት ምድጃ በሰዓት ከ100,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) በላይ ሙቀት ሊያወጣ ይችላል። የቤት ጋዝ ምድጃ አንድ እሳት አብዛኛውን ጊዜ ከ7,000 እስከ 12,000 ቢቲዩ ነው። በዚህ ልዩነት ላይ ምንም ማድረግ አንችልም፤ ስለዚህ አሠራሩን ከእሳታችን ጋር እናስማማለን። እነርሱ አንድ ጊዜ ሁሉን ጨምረው ያገላብጣሉ፤ እኛ ጥቂት ጥቂት እያደረግን በየተራ እንጠብሳለን።

ዎክ መግዛት ግዴታ አይደለም። ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያላችሁ ሰዎች እንዲያውም ክብ ዎክ አትግዙ፤ ምድጃውን የሚነካው ታች ያለው ትንሽ ቦታ ብቻ ስለሆነ ጎኑ አይሞቅም። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ወይም የማይዝግ ብረት መጥበሻ ይበልጣል። የማያጣብቅ ቅብ ያለው መጥበሻ ብቻ ካላችሁ ባዶውን በኃይለኛ እሳት አታግሉት፤ ቅቡ ከ260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲግል ጎጂ ጭስ ማውጣት ይጀምራል። ዘይቱን አስቀድማችሁ ጨምሩ፣ እሳቱንም ከከፍተኛው ትንሽ ዝቅ አድርጉ።

ዘይት ካኖላ፣ የለውዝ ወይም ተራ የአትክልት ዘይት ይሁን። ቅቤና ንጥር ያልሆነ የወይራ ዘይት ለዚህ እሳት አይሆኑም። መስኮቱን ክፈቱ፣ ማራገቢያውንም አብሩ፤ የአፓርታማ የጭስ ማስጠንቀቂያ ርኅራኄ የለውም።

ከዚህ በኋላ ማብሰሉ ከአሥር ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ሽንኩርት አቁላልቶ፣ ቅመሙን እየቀመሰ እየጨመረ፣ በዝግታ ወጥ መሥራት የለመደ እጅ እዚህ ጋ ነው የሚቸገረው፤ እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ዝንጅብል ለመላጥ የሚሆን ጊዜ የለም። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተከትፈው፣ ሶሱ ተበጥብጦ፣ ባዶ ሳህንም ተዘጋጅቶ ምድጃው አጠገብ ይቀመጥ።

1. መጥበሻውን በኃይለኛ እሳት አግሉት። የውሃ ጠብታ ስትጥሉበት እየዘለለ መሮጥ አለበት (ቅብ ላለው መጥበሻ ይህን አትሞክሩ)።

2. አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይትና ብሮኮሊውን ጨምሩ፤ አንድ ደቂቃ አገላብጡ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምራችሁ ክደኑትና ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ታገሡ። ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ገና ጠንከር ሲል ወደ ሳህኑ አውጡት። የቀረውን ውሃ ጥረጉ።

3. መጥበሻው እንደገና ይጋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት አፍስሱና የሥጋውን ግማሽ ብቻ ጨምሩ፤ ቅጠል ቅጠሉ ተነጣጥሎ ይዘርጋ። አትንኩት። ይህ ለብዙ ሰው ከባዱ ትእዛዝ ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ሳይነካ ሲቆይ ሥሩ ይጠቁራል፤ ጣዕሙ ያለውም እዚያ ነው።

4. ገልብጡት፤ ከ30 እስከ 45 ሴኮንድ በኋላ ጥቂት ቀይ ነገር እየታየበት አውጡት። ኋላ ከሶሱ ጋር ይጨርሳል። በቀረው ሥጋ ይህንኑ ድገሙ፤ መጥበሻው መልሶ እስኪግል ጠብቁ።

5. እሳቱን መካከለኛ አድርጉ። በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን 20 ሴኮንድ ብቻ አቁላሉ። ሽታው ሲወጣ ደርሷል፤ ከጠቆረ ይመርራል።

6. ሶሱን እንደገና በጥብጡት፤ ስታርቹ ሥር ይዘቅጣል። አፍስሱት። እየፈላ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደፍርሶ የነበረው ጠርቶ ይወፍራል። የማንኪያ ጀርባ ከሸፈነ በቂ ነው።

7. ሥጋውን ከነወጣው ፈሳሽ፣ ብሮኮሊውንም መልሱ። ከ30 ሴኮንድ እስከ አንድ ደቂቃ አገላብጡ። ሥጋው ውስጥ ቀይ ነገር አይቅር። አውርዱና የሰሊጥ ዘይቱን ጠብ አድርጉበት። ወዲያው ይቅረብ።

ሲበላሽ

ሥጋው ግራጫ ሆኖ ውሃ ውስጥ ቢዋኝ መጥበሻው አልጋለም ወይም ሥጋው በዝቷል። ለዛሬ ሥጋውን አውጡ፣ ውሃው እስኪመጥ አፍሉት፣ ከዚያ ቀጥሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ በሦስት ዙር ጥበሱት። ሶሱ ካልወፈረ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮርንስታርች በሁለት የሻይ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ የሚፈላው ላይ ጨምሩ። ከልክ በላይ ከወፈረ ሙቅ ውሃ በማንኪያ እያደረጋችሁ አቅጥኑት። ጨው ከበዛበት ግን ውሃ ብቻ አያድነውም፤ ብሮኮሊ ወይም ካሮት አብዙበትና ከሩዝ ጋር ይመጣጠናል።

ሥጋው በትክክል ተቆርጦ፣ ሶዳ ነክቶትም ከጠነከረ በዝቶ በስሏል ማለት ነው። ቅጠል የሳሳ ሥጋ ላይ የ30 ሴኮንድ ልዩነት ይታያል።

የበለጠ ለመቆጠብ

ከሁሉ የሚቀለው ቁጠባ ሥጋውን ወደ ግማሽ ፓውንድ ዝቅ አድርጎ አትክልቱን ማብዛት ነው። እንጉዳይ፣ ካሮት፣ ቃሪያ፣ በአራት የተከፈለ ሽንኩርት ሁሉም ይሄዳሉ፤ ሶሱ ሁሉንም ስለሚይዛቸው የሥጋው ማነስ ብዙ አይታወቅም። ካሮቱ በስሱ ይቆረጥና ከብሮኮሊው አንድ ደቂቃ ቀድሞ ይግባ። እንጉዳይ ውሃ ስለሚያወጣ ለብቻው ጠብሳችሁ አውጡት።

በጾም ወቅት ሥጋውን ከአኩሪ አተር በሚሠራው ቶፉ ተኩት። ጠንካራውን ዓይነት ገዝታችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከላዩ ከባድ ነገር አስቀምጡና ውሃው ይውጣ፤ በኮርንስታርች አንከባላችሁ በሁሉም ጎኑ እስኪጠነክር ጥበሱት። ቤኪንግ ሶዳው አያስፈልግም። መረቁ ውሃ ይሁን፤ ሶሱም የእንጉዳዩ ይሁን።

ሚጥሚጣ ቢጨመርበትስ ለምትሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ በሚቁላላበት ሰዓት ሩብ የሻይ ማንኪያ ጣል አድርጉ። በርበሬ ግን አይመከርም፤ በ20 ሴኮንድ ውስጥ በደንብ ስለማይበስል ጥሬው ይሸታል።

የተረፈውን ለነገ ምሳ ለመውሰድ ካሰባችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። በተለይ ሩዙን ማታ ሙሉ ድስት ውስጥ አታሳድሩት፤ ከበሰለ በኋላ ሞቅ ብሎ በቆየ ሩዝ ውስጥ ሆድ የሚያውክ ባክቴሪያ ይራባል፤ የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ መልሶ በማሞቅ አይጠፋም። ሰፊ ሳህን ላይ በትናችሁ ቶሎ አቀዝቅዙት። ሩዙም ሥጋውም ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያሉ። ስታሞቁ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉበትና ከድናችሁ መካከል ላይ እያማሰላችሁ እስኪያጨስ ድረስ አሙቁት። ብሮኮሊው እንዳይልፈሰፈስ ከፈለጋችሁ ምሳ ዕቃው ውስጥ ለብቻው ይቀመጥና በመጨረሻው ደቂቃ ይቀላቀል።